ሀብት የማን ድካም ነው? ከአባቶቻችን ንግድ ታሪክ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አንባቢያን! በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር የምንኖር ሙስሊሞች ስለ አባቶቻችን ስናወራ «መሬት ሳይኖራቸው በላባቸው በለጸጉ» እያልን እንኮራለን። ከዚህም ተነስቶ «ሀብቴ የላቤ ፍሬ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝ» የሚል ወንድም አይታጣም። ይህ ንግግር ምን ያህል እውነት እንደሆነ እስኪ ታሪክን እንጠይቅ።

በድሮው ጎጃም የሀብት መሠረት ርስት ነበር። ርስት በዘር ሐረግ እየተቆጠረ የሚወረስ በመሆኑ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ነበር። «ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» ይባል እንደነበር ሽማግሌዎቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያዝዙ ደግሞ ችግሩ ባሰ። ስለዚህ አባቶቻችን የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ አረሱ፤ ሸማ ሠሩ፤ ከሁሉም በላይ ነገዱ።

የሲራራ ንግድ ቀላል ሥራ አልነበረም። ነጋዴው አሞሌ ጨውና ጨርቅ በአጋሰስ ጭኖ ዓባይን ይሻገራል፤ ከእናርያና ከጊቤ አገሮች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይዞ ይመለሳል። በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ የዚህ ንግድ ትልቁ መገናኛ ነበር። ከዚያ ዕቃው ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ መተማና ወደ ምፅዋ ይሄድ ነበር። አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር፣ ትርፉ የመንገዱ ርዝመትና የአደጋው ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። በየኬላው ቀረጥ አለ፤ ሽፍታ አለ፤ የክረምት ዓባይ አለ። በዚህ በኩል «በላባቸው» ማለታችን እውነት ነው።

ነገር ግን ታሪክን ግማሹን ብቻ መናገር አማና ማጉደል ነው። በባሶ ገበያ ከቡናውና ከወርቁ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዓባይ ማዶ የተማረኩ ልጆች በእግራቸው እየተነዱ መጥተው ወደ ጎንደር፣ ወደ ሱዳንና ወደ ዓረብ አገር ይሸጡ ነበር። ገዢው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበር፤ ነጋዴው ግን በብዛት ከእኛ ወገን ነበር። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት እስኪሻር ድረስ ከዚህ ያተረፉ ነበሩ። ያ ትርፍ የማን ላብ ነው? የነጋዴው ድካም አለበት፤ የእነዚያ ልጆች እንባ ግን ይበልጥበታል። ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላን ሰው አላህ በቂያማ ቀን እንደሚከሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ አራሹም ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ ተደነገገ። በዚህ ዞን ዛሬ በቆሎና በርበሬ የሚያመርተው ሙስሊም ገበሬ የመሬቱ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። ባለርስቱ መሬቱን ያገኘው ከአባቱ በመወለዱ ነበር፤ እኛም ያገኘነው በአዋጅ ነው። ማናችንም አፈሩን አልፈጠርነውም።

ታዲያ ድካም ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። አብዱራህማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ተሰደው መዲና ሲገቡ የአንሷሩ ወንድማቸው ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍላቸው ቢል አመስግነው «ገበያውን አሳዩኝ» ማለታቸው ይታወቃል። ሠርቶ መብላት ክብር ነው። ቃሩን ግን ሀብቱን በራሱ ዕውቀት ያገኘው እንደሆነ ተናግሮ ከነቤቱ መሬት ዋጠችው። ሁለቱም ሀብታሞች ነበሩ፤ የለያቸው የሀብታቸው ብዛት አይደለም።

ወንድሞችና እህቶች! ሸሪዓችን ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ሰጥቶበታል። ተቀብሮ የተገኘ ጥንታዊ ሀብት አንድ አምስተኛው ይወጣለታል። በዝናብ የበቀለ እህል አንድ አስረኛ፤ ሰው ደክሞ ውኃ ያጠጣው እህል አንድ ሃያኛ፤ የንግድ ዕቃ አንድ አርባኛ። ልብ በሉ! የሰው ድካም ሲጨምር የሚወጣው ድርሻ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። አላህ ድካማችንን ቆጥሮልናል። ኒሳብ ለሞላ ሰው ግን ድርሻው ፈጽሞ ዜሮ አይሆንም። ክረምቱን ሙሉ የዘነበውን ዝናብ ያዘነበ ገበሬ የለም፤ የሚነግድበትን መንገድ ብቻውን የጠረገ ነጋዴም የለም።

ስለዚህ ዘካ ስናወጣ ለድሃው ከኪሳችን ቸርነት ያደረግን አይምሰለን። የእርሱን ሐቅ መመለሳችን ነው። ከጎተራችንም ከሱቃችንም ፊት ቆመን «ይህ ከየት መጣ? በማን ድካም?» ብለን እንጠይቅ። በሐላል የመጣውን አላህን አመስግነን እንያዝ፤ የሰው ሐቅ ያለበትን ሳንሞት እንመልስ።

አላህ ሐላል ሪዝቅ፣ አመስጋኝ ልብና ለጋስ እጅ ይስጠን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።