የሚያስታምመውን ማን ያስተምረዋል?

ሳንሱሲ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። የስሙ ድምፅ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ከሚለው አነጋገር ጋር ይመሳሰላል። በ2012 ዓ.ም. ግን ሰፈሩ እንደ ስሙ አልሆነም።

ይህ ጽሑፍ በወረርሽኝ ጊዜ ሕመምተኛን በቅርብ የሚረዱ ሰዎች፣ ይኸውም ወጌሻው፣ ድሬሰሩ፣ በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሚያስፈልጋቸውን ትምህርት መቼና እንዴት እንዳገኙ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። ስለ ወረርሽኝ የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሟቹን ቁጥርና የወጣውን ዐዋጅ ይነግሩናል፤ ሕመምተኛው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ነበረው ሰው ግን እምብዛም አያነሡም። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ እስከ ዛሬ ድረስ «የኅዳር በሽታ» ይባላል። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ገደለ የሚገመተው ያው በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ከ10 ሺህ እንደሚበልጥ ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አስፍረዋል፤ እርሳቸውም ራሳቸው በጽኑ ታመው የዳኑ ነበሩ። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡ የሄደው ወደሚያውቃቸው ባለመድኃኒቶች፣ ወደ ደብተራውና ወደ ጎረቤት አሮጊቶች ነው። ዳማ ከሴ ታሸ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ተበላ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ተታጠነ። ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበትንና «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ልማድ ብዙዎች ከዚሁ ወረርሽኝ ጋር ያያይዙታል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ «ድንቁርና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያን ጊዜ በሎንዶንም ሆነ በፓሪስ የነበረ ሐኪም የበሽታውን ምክንያት አያውቅም ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ገና በ1925 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱንስ ቢሆን ማንም አልነበረውም። ልዩነቱ ሌላ ላይ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ታምኖ፣ አስታማሚው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ እንዲሸፍን፣ ሰውም በአንድ ላይ እንዳይታፈግ ይነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ግን በጎ ሥራ ተብሎ የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው። የታመመን መጠየቅ፣ አጠገቡ ማደር፣ መስኮቱን ዘግቶ ብርድ እንዳያገኘው ማድረግ፣ ሲሞትም ተሰብስቦ ማልቀስ። አያቴ ከእናታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ፣ በአንድ ቤት መጀመሪያ ሕመምተኛው፣ ቀጥሎ ያስታመመችው፣ ከዚያ እርሷን ሊጠይቁ የመጡት ይወድቁ ነበር ይላሉ። ሰዎቹ የሞቱት በደግነታቸው ምክንያት ነው። አንድ ሰው መጥቶ «አስታሙት፣ ነገር ግን እንዲህ አድርጋችሁ» ቢላቸው ኖሮ ደግነታቸውን ሳይተዉ ከፊላቸው በተረፉ ነበር።

እንዲህ ብሎ የሚያስተምር ሰው ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በመንግሥት ደረጃ መልስ ማግኘት የጀመረው በሌላ መቅሠፍት ምክንያት ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በጣና ዳር በምትገኘው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይነገራል። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ሐኪም የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት አልነበራትም። የተወሰደው መፍትሔ አስተዋይነት የተሞላበት ነበር፤ ሐኪሞችን ለማስመረቅ ብዙ ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂ ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እየወጡ ምንጭ ያጐለብታሉ፣ መጸዳጃ ያስቈፍራሉ፣ እናቶችን ያስተምራሉ። ወረርሽኙ በደረሰባት በደምቢያም የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ተማሪዎቹ ሥራ የሚለማመዱበት ቦታ ሆነ።

ሆኖም ቍጥራቸው ለአገሩ ስፋት በቂ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. በዘለቀው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ደጋው ወባን ስለማያውቅ የሚረዳውም ሰው አልነበረውም።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ፣ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌን ሕክምና ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ የጤና ሠራተኞች ያስተማረ ማዕከል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ነገር ግን ከአፍሪካ ማዶ የመጣ ሠራተኛ የሚማርበት ክፍለ ከተማ ለራሱ ቤቶች አንኳኪ ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀመረ፤ ለከተማው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደረሰው። በከተማ የተመደቡት ሴቶች አስቀድመው በነርስነት የተመረቁ ሲሆኑ፣ የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው እያንዳንዳቸው 500 ያህል ቤተ ሰብ እንዲከታተሉ ታቅዶ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በሳንሱሲ ሱቆች የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ናረ። የኅዳር በሽታ መድኃኒት ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ገበያ ተመለሰ ማለት ነው። በመድኃኒት ቤት አንድ ሻጭ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ «ዝንጅብል ካለህ አትፍራ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ማንም ቀርቦ አላስረዳውም እንጂ።

በሚያዝያ ወር ቤት ለቤት ትኩሳት የሚለኩ ሠራተኞች ወጡ። ወደ እኛ የመጣችው ልጅ ሰፈሩን ሁሉ የምታውቅ፣ ከዚያ በፊት እናቶች እንዲከተቡ ስትመክር የነበረች ናት። አያቴ እንደ ልማዳቸው «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ቡናው ደርሷል» አሏት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከበሩ አላልፍም» አለች።

አያቴ ተቀየሙ። ልጅቷ ከያዘችው ወረቀት ላይ እጅ ስለ መታጠብና ስለ ርቀት አነበበችላቸው። አያቴ አዳምጠው «ይህ ልጅ ቢታመምብኝ ማን ያስታምመዋል?» ብለው እኔን አሳዩአት። በ8335 መደወል እንደሚገባ ነገረቻቸው። «ስልኩ ውሃ ያጠጣዋል?» አሉ። ልጅቷ ዝም አለች፤ በወረቀቱ ላይ የዚህ መልስ አልነበረም።

እንዲህ የሆነው በእርሷ ስንፍና አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ በኋላም ወደ ሚሌኒየም አዳራሽና ወደ ሌሎች ማዕከሎች ይወሰድ ስለ ነበር፣ ቤት ውስጥ ስለ ማስታመም ማስተማር አስፈላጊ መስሎ አልታየም። ክረምቱ ሲገባ ግን የታማሚው ብዛት ከአልጋው በለጠ። ሕመሙ ያልጠናበት ሰው በቤቱ እንዲቈይ ሲፈቀድ፣ የአያቴ ጥያቄ የመንግሥትም ጥያቄ ሆነ።

ልጅቷ ሥልጠና ወስዳ በክረምቱ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ከወረቀት አላነበበችም። ቤታችንን ከደጅ ሆና አየችና የትኛው ክፍል መስኮት እንዳለው ጠየቀች። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ከቤቱ ሰው ወጣቱና ጤነኛው እንዲሆን፣ ሁለቱም ጭምብል እንዲያደርጉ፣ መስኮቱ እንዲከፈት፣ የሕመምተኛው ሳሕንና ኩባያ እንዲለይ ነገረችን። ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳይውል ሳያድር እንዲነሣ አስጠነቀቀች። አንድ ክፍል ብቻ ላላቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ራስና እግር ተለያይቶ መተኛትን አሳየች። አያቴ «እኔ አላስታምም ማለትሽ ነው?» ብለው ተከራከሩ። «እርስዎ እማማ፣ አዛዥ ይሁኑ» አለቻቸው። ይህ መልስ በየትኛውም ሥልጠና የሚሰጥ አይመስለኝም። አያቴን የረታው ግን እርሱ ነው።

የታሪክ ተማሪ እንደ መሆኔ በእነዚህ በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል ያለው ጥቂት ወር ያሳስበኛል። በ1911 ዓ.ም. የሚያስተምር አልነበረም፤ በ2012 ዓ.ም. የምታስተምረው ነበረች፣ አንኳኩታም መጥታለች፣ ትምህርቱ ግን ከእርሷ ዘግይቶ ደረሰ። በመንግሥት ተመዝግቦ በኢትዮጵያ በኮሮና የሞተው ሰው ከ7,500 ይበልጣል። በየቤቱ ሲያስታምም ተይዞ የሞተው ለብቻው አልተቈጠረም።

ክትባቱ በመጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ከጤና ሠራተኞች ተጀመረ። ልጅቷ ከተከተበች በኋላ ስለ ክትባቱ ልትነግረን መጣች። አያቴ ስለ ጥቅሙ ምንም አልጠየቋትም፤ «አንቺን ምን አደረገሽ?» ብቻ አሏት። አንድ ሌሊት ትኩሳት እንደ ነበራት፣ ክንዷም ሁለት ቀን እንደ ከበዳት ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በሳምንቱ አያቴ ነጠላቸውን ለብሰው ከእኔ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።