የሰፈር ሜዳ እና የመኪና ማቆሚያ ጭቅጭቅ፦ ማወቅ ያለብዎት ነገሮች

ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሰፈር ሜዳ ያለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መኪና በመኪና ላይ ይደረደራል። የግቢ በር ይዘጋል፣ ክላክስ ይጮሃል፣ "የማን መኪና ነው?" እየተባለ ሰው ከሜዳ ይፈለጋል። ባለመኪናው ማሊያውን እንደለበሰ እየሮጠ ይመጣና "ይቅርታ፣ ለ10 ደቂቃ ብዬ ነው" ይላል። በሳምንቱ ደግሞ ያው ነው።

ነገሩ ቀላል ጭቅጭቅ ቢመስልም ሁለት ከባድ ነገሮችን ያስከትላል። አንደኛው፣ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ ነዋሪው ሲማረር "ሜዳው ይዘጋልን" ማለት ይጀምራል፤ የሚጎዱትም መኪና የሌላቸው፣ በእግራቸው መጥተው የሚጫወቱት የሰፈሩ ልጆች ናቸው።

ለመሆኑ ምን ይሻላል? ለነዋሪዎች፣ ለቡድን አስተባባሪዎች እና መኪና ይዘው ለሚመጡ የሚጠቅሙ ነጥቦችን እንደሚከተለው አቅርበናል።

🔹 ችግሩ የመኪና ብዛት ብቻ አይደለም

በአብዛኛው የሰፈር ሜዳ መንገዱ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ነው። የሚጨናነቀው ጨዋታ ሲቀያየር ነው። የ1 ሰዓቱ ጨዋታ ተጫዋቾች ሳይወጡ የ3 ሰዓቶቹ ይደርሳሉ፤ ለዚያች ግማሽ ሰዓት መንገዱ የአራት ቡድን መኪና ይሸከማል።

ይህ ጥሩ ዜና ነው። ምክንያቱም ሰዓቱ የታወቀ ችግር አስቀድሞ ሊዘጋጁለት ይቻላል። የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ "ይሄ የኔ ኃላፊነት ነው" የሚል ሰው ነው። ቡድኑ ወረዳውን ይጠብቃል፣ ወረዳው ትራፊክ ፖሊስን ይጠብቃል፣ ነዋሪው ደግሞ በሩ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል።

🔹 መጀመሪያ መንገዱን ይለኩ

ሜትር ባይኖርዎትም ችግር የለም። የአንድ አዋቂ ሰው እርምጃ በግምት 75 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 8 እርምጃ ወደ 6 ሜትር ይሆናል።

እስቲ 6 ሜትር ስፋት ያለውን የኮብልስቶን መንገድ እንውሰድ። አንድ የቆመ መኪና ወደ 2 ሜትር ስፋት ይይዛል።

👉 በሁለቱም ጎን መኪና ከቆመ፦ የሚተርፈው 2 ሜትር ነው። ትንሽ መኪና በጭንቅ ታልፋለች፤ የእሳት አደጋ መኪና ግን ጨርሶ አያልፍም።

👉 በአንድ ጎን ብቻ ከቆመ፦ 4 ሜትር ይተርፋል። የእሳት አደጋ መኪና ስፋቱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ያልፋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ የሚፈለገው ትንሹ የመንገድ ስፋት 3.7 ሜትር ነው። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት የእሳት አደጋ ኮድ ደግሞ ወደ 6.1 ሜትር ይጠይቃል።

ስለዚህ በጠባብ መንገድ ላይ "በአንድ ጎን ብቻ ይቁም" የሚለው አንድ ሕግ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የትኛው ጎን? ጥቂት የግቢ በር ያለበት፣ ወይም ከሜዳው አጥር ጋር የተያያዘው ጎን ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ልጆች ከመኪና ወርደው መንገድ ሳይሻገሩ ሜዳ ይገባሉ።

🔹 ስንት መኪና ይይዛል?

አንድ መኪና ከፊትና ከኋላ መውጫ ጭምር 6 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። 100 ሜትር መንገድ በአንድ ጎን 16 መኪና ይይዛል ማለት ነው። ግን በዚያ ጎን 10 የግቢ በር ካለና ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ክፍት ቢተው፣ 40 ሜትር ይቀነሳል። የሚቀረው ለ10 መኪና ብቻ ነው። ክፍተቶቹ ስለሚቆራረጡ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ሊያንስ ይችላል።

ይህን ቁጥር ማወቅ ክርክርን ያሳጥራል። "ቦታ አለ የለም" ከመባባል "መንገዳችን 10 መኪና ነው የሚይዘው፣ እናንተ ግን 25 ይዛችሁ መጣችሁ" ማለት ይቻላል።

🔹 በምንም ምክንያት የማይዘጉ ቦታዎች

❌ የግቢ በር፣ ባለቤቱ "መኪና የለኝም" ቢል እንኳ። ታማሚ የሚወጣው በዚያው በር ነው።
❌ የመንገድ መታጠፊያ። ጥግ ላይ መኪና ሲቆም ትልቅ መኪና መዞር አይችልም፣ ልጅ ሲሮጥ ቢወጣም ሹፌር አያየውም። የእንግሊዝ የአሽከርካሪዎች መመሪያ ከመታጠፊያ በ10 ሜትር ውስጥ መቆምን ይከለክላል።
❌ የእግረኛ ማቋረጫ እና የእግረኛ መንገድ። በተለይ ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ ማየት የተሳናቸው እና ልጅ ያዘሉ ሰዎች ወደ አስፋልቱ ለመውረድ ይገደዳሉ።
❌ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ አጠገብ።
❌ የሜዳው ዋና በር። ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲጎዳ አምቡላንስ የሚገባው በዚያ ነው።
❌ የቆመ መኪና ጎን ደርቦ ማቆም። "እዚሁ ነኝ" ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ኳስ ላይ ያለ ሰው ስልክ አይሰማም።

የአደጋ ስልኮችን ደግሞ ያስታውሱ፦ በአዲስ አበባ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሲደውሉ የሰፈሩን ስም ብቻ ሳይሆን በየትኛው መንገድ መግባት እንደሚቻል ይንገሩ።

🔹 ርካሹ መፍትሔ፦ የጨዋታ ሰዓት

በሁለት ጨዋታዎች መካከል 30 ደቂቃ ክፍተት መተው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ይወጣሉ፣ ቀጣዮቹ በእነሱ ቦታ ይገባሉ። ክፍተቱ የጨዋታ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ በቀን 5 የነበረው 4 ሊሆን ይችላል። ቡድኖች ይህን አይወዱትም። ነገር ግን 4 ጨዋታ በሰላም መጫወት፣ ነዋሪው አቤት ብሎ ሜዳው ከሚታገድ ይሻላል።

ሌላው ቀላል ነገር፣ ትልቅ ውድድር ወይም የፍጻሜ ጨዋታ ሲኖር ከሳምንት በፊት ለነዋሪው መንገር ነው። በዚያ ቀን ለቅሶ፣ ሰርግ ወይም ክርስትና ያለበት ቤት ካለ ቀድሞ ይታወቃል። ለዚህ ከዕድር የተሻለ መንገድ የለም። ዕድሩ ሁሉንም ቤት ያውቃል፣ የሚናገረውም ይሰማል።

🔹 የሚያስቆም ሰው መመደብ

በአዲስ አበባ በብዙ መንገዶች ላይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የፓርኪንግ አገልግሎት እንደሚሰጡ ይታወቃል። በሰፈር ሜዳ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ማንም የለም፤ ወይም ደግሞ ያልተፈቀደለት ሰው "ጠብቄልሃለሁ" ብሎ ይቀበላል።

ሁለት መንገድ አለ፦

1ኛ. ቡድኖቹ በየተራ ሁለት ሰው ይመድባሉ። ቢጫ ሰደርያ ለብሰው አንዱ መግቢያው ላይ፣ ሌላው መታጠፊያው ላይ ይቆማል። ሥራቸው "ሞልቷል፣ ወደዚያ" ማለት ነው። ገንዘብ አይቀበሉም።

2ኛ. ክፍያ የሚኖር ከሆነ በሚመለከተው የከተማ አስተዳደር አካል ፈቃድ ባለው ማኅበር፣ በደረሰኝ ይሁን። በራስ ፈቃድ የሕዝብ መንገድ ላይ ማስከፈል አይቻልም።

እዚህ ጋ አንድ ትምህርት አለ። የመኪና ማቆሚያ ጉዳይን ለዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከመንገድ ላይ ማቆሚያ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለዚያው ሰፈር ቢመለስ ነዋሪው ክፍያውን እንደሚደግፍ ይሞግታሉ። በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከተማ በ1993 እ.ኤ.አ. በአሮጌው የገበያ ሰፈር ክፍያ ሲጀመር ገቢው ለዚያው አካባቢ መንገድ ጽዳትና ጥገና ዋለ። ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ አየ።

🔹 ትልልቆቹ ስታዲየሞች ምን አደረጉ?

✔️ አርሰናል በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ኤምሬትስ ስታዲየም ሲዛወር 60,000 ሰው የሚይዘው ስታዲየም የቆመው መኖሪያ ሰፈር መካከል ነው። መፍትሔው ትልቅ ፓርኪንግ መገንባት አልነበረም። በጨዋታ ቀን በዙሪያው ባሉ መንገዶች ቁጥጥሩ ይጠብቃል፤ የነዋሪ ፈቃድ የሌለው መኪና እንደ ልቡ አይቆምም። አብዛኛው ደጋፊ በባቡርና በእግር ይመጣል።

✔️ በቺካጎ የሚገኘው የሪግሊ ፊልድ የቤዝቦል ሜዳም በሰፈር መካከል ያለ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. መብራት ተተክሎ የማታ ጨዋታ ሲጀመር ነዋሪው ተቃውሞ ነበረው። ለማታ ጨዋታ የነዋሪ ማቆሚያ ፈቃድ ተዘጋጀ፤ ቡድኑም ራቅ ያለ ቦታ ላይ ነጻ ማቆሚያ አዘጋጅቶ ተመልካቹን በአውቶቡስ ያመላልሳል።

✔️ ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ ባለው መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። የሰፈር ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር አያገኝም። ግን በአቅራቢያው ቅዳሜና እሁድ ባዶ የሚሆን ግቢ አይጠፋም፤ ትምህርት ቤት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መጋዘን። በደብዳቤ ጠይቆ፣ ጥበቃውን አመስግኖ፣ ከጨዋታ በኋላ አጽድቶ መውጣት ነው። የ5 ደቂቃ የእግር መንገድ ኳስ ሊጫወት ለመጣ ሰው ማሟሟቂያ ነው።

🔹 "ሜዳው ጠርዝ ላይ ይቁም" የሚለው ሐሳብስ?

ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ግን አይመከርም። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና በተደጋጋሚ ሲሄድበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ መምጠጥ ያቆማል። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ይሆናል። ከዚህም በላይ ጠርዝ የተባለው እየሰፋ ይሄዳል። ዳር ላይ የሚጫወቱት ትንንሾቹ ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ቦታ የሚያጡትም እነሱ ናቸው።

በተቃራኒው፣ በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" መርሐ ግብር ያሳየው ነገር አለ፦ መንገድ ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግቶ ለሰው ሊከፈት ይችላል። ለትልቅ የሰፈር ውድድር ከሜዳው ፊት ለፊት ያለውን አጭር መንገድ ለሦስት ሰዓት መዝጋት ከተፈለገ ጥያቄው ቀድሞ ለወረዳውና ለትራፊክ ፖሊስ ይቅረብ። በራስ ውሳኔ ገመድ መወጠር አይፈቀድም።

🔹 መኪና ይዘው ለሚመጡ

▪️ አራት ሆናችሁ በአንድ መኪና ኑ። 20 ተጫዋች ማለት 5 መኪና ነው።
▪️ በራይድ ወይም በታክሲ የሚመጣ ከመታጠፊያው ርቆ ይውረድ።
▪️ ስልክ ቁጥርዎን መስታወቱ ላይ በግልጽ ያስቀምጡ፤ ስልኩንም ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ተቀያሪ ወንበር ላይ ላለ ሰው ይስጡ።
▪️ ነዋሪ ሲጠይቅዎት ቀድመው ያንሱ፣ በኋላ ያስረዱ። "እሺ እማማ፣ አሁኑኑ" የሚለው ቃል ብዙ ጸብ ያበርዳል።

🔹 ለነዋሪዎች

▪️ ከቤትዎ ፊት ያለው መንገድ የሕዝብ ነው። ድንጋይ፣ በርሜል ወይም ሰንሰለት ማስቀመጥ አይቻልም። በርዎ እንዳይዘጋ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው።
▪️ ጎማ ማስተንፈስ ወይም መኪና መቧጨር በወንጀል ያስጠይቃል፤ ትክክል የነበረውን አቤቱታዎንም ያበላሻል።
▪️ የታርጋውን እና የተዘጋውን በር ፎቶ ከሰዓቱ ጋር ይያዙ። መጀመሪያ ለቡድኑ አስተባባሪ፣ ካልሆነ ለወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ አስቸኳይ ከሆነ ለትራፊክ ፖሊስ ያሳውቁ።

🔹 አንድ ገጽ ስምምነት

ይህ ሁሉ በቃል ከቀረ በወሩ ይረሳል። ስለዚህ ቡድኖች፣ ዕድሩ እና ወረዳው ተቀምጠው አንድ ገጽ ቢጽፉ ይበቃል፦

1. መኪና የሚቆመው በየትኛው ጎን ነው? ስንት ይይዛል?
2. ሲሞላ ወዴት ይሄዳል?
3. በጨዋታዎች መካከል ስንት ደቂቃ ይኖራል?
4. በዕለቱ የሚያስቆመው ማን ነው? ስልኩስ?
5. ደጋግሞ የሚያጠፋ ቡድን ምን ይሆናል? (ለምሳሌ የሚቀጥለውን ሳምንት ተራ ያጣል።)

የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ነው። የግለሰብን መኪና ማስነሳት ወይም መቅጣት የሰፈር ሰው ሥልጣን አይደለም። የጨዋታ ተራ መስጠትና መንሳት ግን በሜዳው አስተባባሪዎች እጅ ነው። ቡድኑ ተራውን እንደሚያጣ ሲያውቅ የራሱን ተጫዋች "መኪናህን አንሳ" የሚለው ራሱ ይሆናል።

ስምምነቱን ሜዳው በር ላይ ለጥፉት፤ በየሦስት ወሩም አንዴ እዩት። በእናንተ ሰፈር የሠራ መፍትሔ ካለ አስተያየት መስጫው ላይ አካፍሉን፤ ለቡድናችሁ አስተባባሪም ይህን ጽሑፍ ላኩለት።