ፍሬ አልባው ጥድ

እስቲ ወገኖቼ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬዬ የሁለት ጥዶች ነው።

ከጭሮ በማለዳ የተነሳ ሰው በኩኒ በኩል አድርጎ ወደ በደሳ ሲያቀና፣ ጉሙ የጨርጨርን ተራራ እንደ ጋቢ ተከናንቦት ያገኘዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ትወጣና ጉሙ ቀስ እያለ ይገፈፋል፣ ከዚያ የጫቱ እርከን ብቅ ይላል፣ ከዚያ ቡናው። ለደጋ አጋዘን የተከለለውን የኩኒ ሙክታርን ጫካ ያየ፣ ድሮ ይህ አገር ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅተውም። አሁን ጥዱ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ነው።

እነዚያም ሁለቱ ከአንድ ሽማግሌ የቡና ማሳ በላይ ጎን ለጎን ቆመው የኖሩ ናቸው። አንዷ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ ታፈራለች፣ ወፍ ይሰፍርባታል፤ ሌላው ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ምንም። ታዲያ ልጃቸው ጎጆ ሊወጣ ሆነና ምሰሶ ቸገረው፣ ከዚያም "አባባ፣ ያንን መካን ልቁረጠው?" አለ፤ እሳቸውም ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "ቁረጠው ልጄ፣ ምን ረባን" አሉ። አትፍረዱባቸው። የጓሯቸው ፓፓያ ወንድና ሴት እንዳለው ያውቃሉ፤ የጥዱን ማን ነግሯቸው!

ምሳሩ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ቢጫ ብናኝ ቡን አለ፣ ልጁንም አስነጠሰው፤ ከዚያም ነፋሱ ብናኙን አፈሰና ወደ ጎረቤቲቱ ወሰደው።

የጥድ ነገር እንዲህ ነው። ቡና ንብ ብትመጣለት እሰየው፣ ባትመጣለትም በገዛ ብናኙ ማፍራት ይችላል። ከየመን ተራሮች እስከ ዚምባብዌ የሚበቅለው ይህ ጥድ ግን አበባ የለው፣ ማር የለው፣ ንብ አይጠራ፤ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ ደግሞ ደጅ መርጦ አያንኳኳም፤ ስለዚህ ወንዱ ያለ ስስት ይበትናል፣ ሴቷም በደቃቅ ጫፎቿ ላይ ከጤዛ ያነሰች ጠብታ አውጥታ ትጠብቃለች፤ ብናኝ ካረፈባት ጠብታዋን ወደ ውስጥ ትስባታለች። ዝናብ ከጣለ ብናኙ ይታጠባል፣ ወንዱ ከራቀም በመንገድ ይሳሳል።

ፍሬዋ ለመብሰል ከዓመት በላይ ይፈጃልና የሆነውን ማንም ልብ አላለም። ምሰሶው ቆመ፣ ሠርጉም አለፈ፣ በዓመቱም ፍሬ ታየ። ከዚያ በሁለተኛው፣ ከዚያም በሦስተኛው ዓመት እየሳሳ ሄደ፤ የተገኘውንም ሽማግሌው በጥርሳቸው ሰበር ቢያደርጉት ውስጡ ባዶ። ፍየሎቹም ከሥሯ የበቀለውን ሁሉ ሲቀነጥቡ እንደነበር አልደብቃችሁም፤ ጥፋቱ ሁሉ የምሳሩ አይደለም።

አንድ ቀን የደን ባለሙያ ከጥላዋ ሥር አረፍ ብሎ ይህን ሁሉ አጫወታቸው። ሰሙና ቀና ብለው የልጃቸውን ቤት አዩ፣ አንድም ቃል አልተናገሩ። ክረምት ሲገባ ግን አምስት የጥድ ችግኝ አምጥተው ዳገቱ ላይ ተከሉ፣ በእሾህም አጠሩ። የጥድ ችግኝ ደግሞ አድጎ ፍሬ ወይም ብናኝ እስኪይዝ ወንድነቱ ከሴትነቱ አይለይም፤ ይህም ዓመታት ይወስዳል። ባለፈው ሳልፍ ጎንበስ ብለው የአንዱን ቅጠል በጣታቸው ሲያሹ አገኘኋቸውና "አባባ፣ ወንዱ የትኛው ነው?" አልኳቸው፤ ሳቁና "እኔ የማውቀው ይመስልሃል?" ብለው ወደ ቀጣዩ ተሻገሩ።