የነገሥታቱና የገበያው ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የነገሥታቱን ዜና በየዘመናቸው የጻፉ ሊቃውንት ዘመቻውን፣ ሹመት ሽረቱን፣ ግብሩንና የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ አሳምረው ጽፈዋል። ነገሥታቱ ከገበያ ጋር የነበራቸው ጉዳይ ግን በየመካከሉ ተበትኖ ቀረ። እኛም የተበተነውን ለቅመን በአንድ ስፍራ እናኖራለን። ስፍራውም ከየካ ተራራ ግርጌ፣ ከመገናኛ አጠገብ ያለው ሾላ ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ጤፍና ሽሮ፣ በርበሬና ቅቤ፣ ምጣድና ሰፌድ፣ የሀገር ልብስም ይሸጣል። ከበላዩ በተራራው ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ አበው ለአክሱም ነገሥታት ለአብርሃ ወአጽብሃ ዘመን ይሰጡታል። ስለዚህ ነገሩን ከአክሱም ብንጀምር ከስፍራው አልራቅንም።

ምዕራፍ ፩። ስለ አክሱም ነገሥታት

በ1ኛው መቶ ዓመት ዞስካሌስ የሚባል ንጉሥ በቀይ ባሕር በኩል ነግሦ ነበር። የባሕሩን የንግድ መንገድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈ አንድ ሰው ስለ እርሱ ሲናገር፣ የግሪክን ጽሕፈት ያውቃል፤ ገንዘቡንም አጥብቆ ይይዛል ብሎ ጻፈ። የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ በአዱሊስ ወደብ ይወጣ ነበርና፣ ይህ ንጉሥ ስሙ ለዓለም የተሰማው በጦሩ ሳይሆን በወደቡ ንግድ ነው።

በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ በስማቸው የወርቅና የብር ገንዘብ አስመቱ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በወርቁ ላይ መልካቸውን በሁለት የእህል ዛላ መካከል አስቀረጹ። ዘውዱ ያለ እህል እንደማይቆም ያን ጊዜም ያውቁት ነበር። አስቀድሞ በገንዘቡ ላይ ጨረቃ ነበረ፤ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበሉ ጊዜ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ገባ። ከዚያም ወዲህ ተራው ሰው በሚይዘው መዳብ ላይ፣ ይህ ነገር ሕዝቡን ደስ ያሰኝ የሚል ቃል በግሪክ ተጻፈበት። ባሕር ተሻግሮ የሚወጋ ንጉሥ ከእፍኝ እህል ዋጋ በማይበልጥ መዳብ ላይ የሕዝቡን ደስታ መለመኑ የሚያስደንቅ ነው። እነዚያ ነገሥታት ግን ወታደር በጦር፣ ሻጭም በፈቃዱ እንደሚገዛ ለይተው ያውቁ ነበር።

ምዕራፍ ፪። ስለ አሞሌና ስለ ጠገራ ብር

በ7ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ገንዘብ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሐረር አሚሮች ለከተማቸው ገንዘብ ቢያስመቱም፣ የክርስቲያኑ መንግሥት ነገሥታት ከ1,000 ዓመት በላይ መልካቸውን በገንዘብ ላይ ሳያዩ ነገሡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ገበያውን የገዛው ጨው ነው። አሞሌ የተባለው ጨው ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመልና በአህያ ይወጣል፤ ከበረሃው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይከብራል። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሀገር በመጣ ጊዜ፣ የንጉሡ ከተማ ድንኳኑን ነቅሎ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዞር ገበያውም አብሮ ሲዞር አየ፤ ጨውም በምድሩ ሁሉ ገንዘብ ሆኖ አገኘው። ንጉሡ ቢያዝዙ ሠራዊት ይነሣል፤ አሞሌው ግን ዝናብ ያገኘውና ጠርዙ የተሸረፈ እንደ ሆነ በማንም ትእዛዝ ሙሉ ዋጋውን አያወጣም።

ከዚህ በኋላ አንዲት ንግሥት ከሩቅ መጣች። ይህችም የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። እርስዋ በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞተች፤ ነገር ግን ያንን ዓመትና መልኳን የያዘው ብር ከሞተች በኋላም መመታቱ አልቀረም። በቀይ ባሕር ንግድ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ሰውም ጠገራ አለው። ያም ዘመን በጎንደር ነገሥታቱ በስም ብቻ የቀሩበት፣ መሳፍንቱ አንዱን አንግሠው ሌላውን የሚያወርዱበት ዘመነ መሳፍንት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ለሕያው ንጉሥ ሳይታዘዙ፣ በገበያው ለሞተችው ንግሥት ይታዘዙ ነበር። ባላገሩ ጠገራውን ሲቀበል በትከሻዋ ያለውን ጌጥና በራሷ ያለውን ዕንቁ በጣቱ እየዳሰሰ ይቈጥራል፤ አንዲት ነጥብ የጐደለች እንደ ሆነ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ምርመራ ለራሱ ንጉሥ ዘውድ አድርጎለት አያውቅም።

ምዕራፍ ፫። ስለ ሸዋ ነገሥታትና ስለ ክፉ ቀን

በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም ነገሡ። ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበራቸው፤ ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ በዚያ ይወርዳል፤ ቀረጡም ወደ ቤተ መንግሥቱ ይገባል። በ1834 ዓ.ም ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረጉ። ወደ ፊንፊኔም ወርደው ሳለ፣ የልጅ ልጃቸው በዚህ ምድር ቤት እንደሚሠራ ተናገሩ ይባላል።

የልጅ ልጃቸውም ምኒልክ ናቸው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም ሞቱ፤ ልጃቸውንም አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና ነገሡ። ኋላም ከተማቸውን በእንጦጦ አደረጉ። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ያለውን መስክ ወደዱና አዲስ አበባ ተቈረቈረች። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ዘውዱ ግን በክፉ ቀን ላይ ተጫነ። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት የተነሣ የከብት በሽታ በሀገሩ ሁሉ ገባ፤ በሬውም አለቀ። በሬ ካለቀ የሚያርስ የለም፤ የሚያርስ ከሌለ የሚሸጥ የለም። ገበያው ባዶ ሆነ። ንጉሡም ያን ጊዜ ነጋሪት አስጐስመው እህል ብቅ በል ቢሉ እንደማይበቅል አወቁ። ስለዚህ ጐተራቸውን ለድኻ ከፈቱ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ። መኳንንቱም ንጉሡ ሲቈፍሩ አይተው መቈፈርን ነውር ማለት ተዉ። የምኒልክ ወዳጆች ዓድዋን ሲያነሡ ይህን ይረሳሉ። ነገር ግን በየካቲት 1888 ዓ.ም በዓድዋ የቆመው ሠራዊት ከክፉው ቀን የተረፈና ስንቁን ከዚያ ወዲህ ባፈራ ማሳ የቋጠረ ነው።

ምዕራፍ ፬። ምኒልክ በስማቸው ብር ስላስመቱ

ንጉሠ ነገሥቱም የሌላ ሀገር ንግሥት መልክ በምድራቸው መዞሩ ደስ አላሰኛቸውም። በፓሪስ በስማቸውና በመልካቸው ብር አስመቱ፤ በጀርባውም ዘውድ የደፋ አንበሳ ተቀረጸ። ብሩም 1887 ዓ.ም ተብሎ ተጻፈበት። አላድ፣ ሩብ፣ መሐለቅ የሚባሉ ዝርዝሮችም ወጡ። ይህ በክርስቲያኑ መንግሥት ከአክሱም ነገሥታት ወዲህ ያልተደረገ ነው።

ገበያው ግን ወዲያው አልተቀበለም። በከተማ ዝርዝሩን ወደዱት፤ ለትንሽ ግዥ ይመቻልና። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን ባላገሩ ጠገራውን ካላሳያችሁኝ እህሌን አልሰጥም አለ። ዓድዋ ላይ የጣልያንን ጦር የመለሱ ንጉሥ በገዛ ገበያቸው የማሪያ ቴሬዛን ብር መመለስ አቃታቸው። ምኒልክም ብልህ ናቸውና ገበያውን በአለንጋ አላስገደዱም፤ ሁለቱ ብር ጎን ለጎን እንዲሄድ ተዉት። በየካቲት 1898 ዓ.ም የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሲሾሙም፣ የአዲስ አበባውን የአራዳ ገበያና ቀረጥ ያስተዳድሩ የነበሩትን ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው። ገበያን ያወቀ የውጭውንም ሰው ያውቃል ማለታቸው ይመስላል።

ምዕራፍ ፭። በምሥራቁ መንገድ ስለ ገቡና ስለ ወጡ

አሁን ወደ ሾላ በኩል እንመለስ። ከደብረ ብርሃን በሸኖ፣ በሰንዳፋና በኮተቤ ወደ ከተማይቱ የሚገባው መንገድ ዛሬ የቡልጋ እህል የሚገባበት ነው። እህል በሚገባበት መንገድ ንጉሥም ይገባል፤ ጠላትም ይገባል።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ዐረፉ፤ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ። ራሳቸው ያልተቀቡት ኢያሱ አባታቸውን ራስ ሚካኤልን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አሰኟቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ኢያሱ በመኳንንቱ በተሻሩ ጊዜ፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ነገር ሊያስመልሱ ከወሎ ተነሡ። መጀመሪያ ራስ ልዑል ሰገድን ቶራ መስክ ላይ ድል አደረጉ። ጥቅምት 17 ቀን ግን በሰገሌ፣ ከሸኖ አጠገብ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሸዋ ጦር ጋር ገጥመው ድል ነሷቸው፤ ንጉሡም ተማረኩ። አዲስ አበባም በሰንሰለት ታስረው ገቡ፤ በጃንሜዳ ድሉ ሲከበር በሕዝቡ ፊት አለፉ። ከተመለከቱትም መካከል የእንግሊዙ መልእክተኛ ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበረ፤ ያን ጊዜ ሕፃን ነው፤ ካረጀም በኋላ ያየውን አልረሳውም።

ከ20 ዓመት በኋላም የጣልያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ በደብረ ብርሃን በኩል መጥቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ግንቦት 1 ቀን በሮም የጣልያኑ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ተብሎ ታወጀ። እርሱም የሸዋን አፈር ሳይረግጥ ነገሠ። ሊራውንም ወደ ገበያው ሰደደ፤ ገበያው ግን ጠገራ አምጣ አለው። ጣልያኖች ይህን አስቀድመው ገምተውት ነበርና፣ ከወረራው በፊት የማሪያ ቴሬዛን የብር መምቻ ከኦስትሪያ ወስደው በሮም ጠገራ ይመቱ ነበር። መርዝና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ዶሮና እንቁላል ለመግዛት የሞተችውን ንግሥት መልክ መቅዳት ግድ ሆነበት። አርበኛው በዱር፣ ሻጩም በገበያ እምቢ አሉት። አምስቱ ዓመት በተፈጸመ ጊዜ፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን፣ በ1933 ዓ.ም ከስደት የተመለሱት አፄ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል ወርደው ከተማቸው ገቡ።

ምዕራፍ ፮። ስለ መጨረሻው ንጉሥ

አፄ ኃይለ ሥላሴ የጠገራውን ነገር በብልሃት ፈጸሙ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ በወረቀቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ አለ። ባላገሩ ወረቀት እንደማያምን ስለሚያውቁ፣ ሃምሳ ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር አስመቱት፤ ብሩንም አሜሪካ ሰጠች። ገበሬው ሃምሳውን በጥርሱ ፈትኖ አመነ፤ በሃምሳው በኩልም ወረቀቱን ለመደ። ጠገራው እየቀለጠ የአንገት መስቀልና የሴት ጌጥ ሆነ። ምኒልክ በዝና ያልቻሉትን የሴት ልጃቸው አልጋ ወራሽ የነበሩት ንጉሥ በሃምሳ ሳንቲም ቻሉት። ከአክሱም ነገሥታት ወዲህ የገበያውን ሙሉ እሺታ ያገኙ ንጉሥ እርሳቸው ናቸው።

ይህን እሺታ የሰጣቸው ገበያ ግን መልሶ ወሰደባቸው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ ረኃብ ሆነ። ሕዝቡ ሲያልቅ የሚያሳየው ፊልም ወጥቶ እስኪታይ ድረስ ነገሩ ተሸሸገ። ምኒልክ ዶማ የያዙለትን ክፉ ቀን የእርሳቸው ሹማምንት በዝምታ ሊያሳልፉት ፈለጉ። በዚያው ጊዜ የቤንዚን ዋጋ በባሕር ማዶ ተወደደ፤ በከተማም ተጨመረ። በየካቲት 1966 ዓ.ም የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውም ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ መልሰው አስቀነሱ፤ ነገር ግን ዋጋ በጩኸት እንደሚወርድ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ሆነና ሹመትም፣ ካቢኔም፣ በመጨረሻ ዘውዱም በዚያው መንገድ ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ንጉሥ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። የጣልያን ጦር ለዘለቄታው ያላወረዳቸውን የቤንዚን ሳንቲምና የወሎ ጐተራ አወረዷቸው።

ሥልጣኑን የያዘው የወታደር መንግሥት፣ ደርግ፣ በ1969 ዓ.ም የንጉሡን መልክ ከገንዘቡ አጠፋ። አንበሳውን ግን ዘውዱን አውልቆ በሳንቲሙ ላይ ተወው። ዛሬ ሾላ ገበያ ጤፍ የምታስለካ እናት በስልኳ ልትከፍል ትችላለች፤ ያን ጊዜ የማንም መልክ አያልፍም። ጤፉን ግን እንደ ጥንቱ በመዳፏ አፍሳ ታየዋለች፤ ዋጋው ካልተስማማት ወደሚቀጥለው ሻጭ ታልፋለች።

ተፈጸመ። ይህን የሚያነብ ሹም ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ የጤፍን ዋጋ ከሻጯ አፍ ይጠይቅ። መልሱ ከተወደደበት የሚያስተካክልበት ጊዜ ገና አለው፤ ሳይጠይቅ ከቀረ ግን በየካቲት 1966 እንደሆነው ገበያው ራሱ መጥቶ ይነግረዋል።