ወገብን ያሳረፈ ውሃ፦ የአርሲ ደጋ የውሃ ወፍጮ



እንጀራውም፣ በሶውም፣ የአርሲ ጩኮም የሚሠራው ከዱቄት ነው። ዱቄቱን ማን ይፈጨው ነበር? ሴት ናታ! ሌሊት ተነሥታ፣ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ መጁን በሁለት እጇ እየገፋች ትፈጭ ነበር። በጥንታዊት አክሱም ፍርስራሽ ውስጥ እንኳ የወፍጮ ድንጋይ ተገኝቷል። ድካሙ የቆየ ነው።

ሰው ይህን ሥራ ለውሃ መስጠት የጀመረው ከ2,000 ዓመት በፊት ነው። ቪትሩቪየስ የሚባል የሮማ መሐንዲስ በዚያ ዘመን ስለ ውሃ ወፍጮ ጽፏል።

አሁን ወደ አርሲ እንምጣ። ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ከቀታር ወንዝ ጋር ተቀላቅለው ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ውሃና ቁልቁለት ካለ ደግሞ የውሃ ወፍጮ መትከል ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንዙ በቦይ ይጠለፋል። ውሃው ከከፍታ እየወረደ መንኰራኵሩን ይመታል። መንኰራኵሩ ሲዞር የላይኛው ድንጋይ አብሮ ይዞራል፤ የታችኛው አይነቃነቅም። እህሉ በላይኛው ድንጋይ ቀዳዳ ገብቶ፣ በሁለቱ መካከል ደቆ ይወጣል። ድንጋዩ ሲልም ይወቀራል።

በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ «ካዱ» የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ቀረበ፤ የስንዴ ምርት አደገ። ምርት ሲያድግ የሚፈጨውም ይበዛል። የውሃ ወፍጮ ግን በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ይዳከማል። የናፍጣ ወፍጮ ክረምት ከበጋ ይሠራል፤ ነገር ግን ነዳጅና መለዋወጫ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ያለ ጉድለት፣ ሌላው ያለ ወጪ አልመጣም።

ከዚያም በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአርሲና በባሌ መካከል፣ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የመልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እዚያም የሚወርድ ውሃ መንኰራኵር ያዞራል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ወፍጮ የውሃ ወፍጮ የልጅ ልጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ወፍጮው የሴቲቱን ወገብ አሳርፏል። ነገር ግን እህሉን ተሸክማ የምትሄደው፣ ተራ የምትጠብቀውም እሷው ከሆነች እረፍቷ ጎዶሎ ነው። አባወራውም፣ ወንድ ልጁም ይሸከም እንጂ! የተረፈው ሰዓት የፊደል ሰዓት ይሁን።

እስቲ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በመጅ የፈጩ እናት በአካባቢያችሁ ካሉ ጠይቋቸው። የነገሯችሁን በሦስት መስመር ጻፉ። ታሪካቸው በእናንተ እጅ ይቆያል።