በተውሶ መልክ ራስን መመለስ፦ የሳሙኤል ፎሶ የራስ ምስሎች

ግለ ታሪክ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በጽሑፍ የቀረበውን ነው። ሰው ሕይወቱን በፎቶግራፍም ሊተርክ እንደሚችል ለማሳየት በዚህ አጭር ጽሑፍ የሳሙኤል ፎሶን ሥራዎች እመለከታለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎሶ በ1962 ካሜሩን ውስጥ ኩምባ ተወለደ፤ ያደገው ግን ናይጄሪያ ነው። ሕፃን ሳለ በሕመም ምክንያት ፎቶግራፍ አልተነሣም። ከቢያፍራ ጦርነት (1967–1970) ተርፎ በ1972 ወደ ባንጊ ተሻገረ፤ በ1975፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ከደንበኞች ሥራ በተረፈው ፊልም ራሱን እያነሣ ናይጄሪያ ለቀሩት አያቱ ይልክ ነበር። እነዚያ ምስሎች ልጁ በሕይወት መኖሩን የሚያበሥሩ ደብዳቤዎች ነበሩ ለማለት ይቻላል።

በ2008 «የአፍሪካ መንፈሶች» ሊባል በሚችል ርእስ 14 ምስሎች አዘጋጀ። በእነዚህም ማልኮም ኤክስን፣ አንጀላ ዴቪስን፣ ሉሙምባን፣ ንክሩማን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም ሆኖ ይታያል። ታዲያ ይህ የራስ ምስል ነው ወይስ የሌሎች?

ለመልሱ የረዳኝ የግእዙ የመልክእ ድርሰት ነው፤ ይህን ስል ፎሶ ከዚያ ቀዳ ማለቴ አይደለም። የመልክእ ደራሲ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉሩ ጀምሮ እየዘረዘረ ሰላምታ ያቀርባል፤ በልመናውም ራሱን ያስገባል። የሌላው መልክ የራሱ መግቢያ ይሆነዋል። ፎሶ ደግሞ አካሉን ለጀግኖቹ ያውሳል።

ሆኖም የንጉሡ ምስል አስቸግሮኛል። ለእኛ ንጉሡ የ1963ቱ የአዲስ አበባ የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ አስተናጋጅ ብቻ ሳይሆኑ የ1973ቱ የወሎ ረሃብ ተጠያቂም ናቸው። በ1974 ከዙፋን ወረዱ፤ በ1976 ምስላቸው ከብር ኖት ላይ ተነሣ። እኛ ያወረድነውን መልክ ፎሶ ከሉሙምባ ጎን ሰቀለው። በመጀመሪያ ታሪካችንን ሳያውቅ የወሰደብን መሰለኝ።

ደጋግሜ ስመለከተው ግን አሳቤን ለወጥሁ። በንጉሡ መልክ ውስጥ የፎሶ ፊት አይጠፋም፤ ተመልካቹ የሚያየው ንጉሡን ሳይሆን ንጉሡን የተዋሰውን ሰው ነው። የልጅነት ፎቶግራፍ ያልነበረው ሰው ከጥቁር ሕዝብ ታሪክ አባቶችና እናቶች መረጠ። የእኛን ፍርድ አልሻረም፤ ከእኛም ፈቃድ መጠየቅ የነበረበት አይመስለኝም።