የአሮጌ ጠመንጃ ማኅተም ምን ይነግረናል?



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን መጋዘኖች ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጆች በነጋዴዎች አማካይነት አሜሪካ ገብተው ተሽጠዋል። ከልጆቻችንም መካከል የአያቶቻቸውን መሣሪያ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሹ አሉ፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ፣ የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ብረት ሁሉ «የዐድዋ ጠመንጃ» እየተባለ ዋጋው ሰማይ መንካቱ ነው። ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ወሬ አያመልጠንምና የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያወጣበትንም ሰው ሰምተናል።

አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት ስሙን ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ወስደው ነው። ይህ መሣሪያ የ1874 ሞዴል ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጥይት በሚጎርሰው ብረት ጎን ላይ ሳን ኤቲየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል የሚል የፋብሪካ ስም ይነበባል። እንዲህ ያለው በ1896 ዐድዋ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል፤ መዋሉን ግን ማኅተሙ አይመሰክርም።

ቤልጅግ የምንለው ሌላ ነው። የኸርስታሉ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1889 ሲሆን፣ አንበሳ ያለባቸው አጫጭር የኸርስታል ማውዘሮች የተገዙት በ1930ዎቹ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ነው። እነዚህ የማይጨው ዘመን መሣሪያዎች ናቸው፤ በእኛ ግምት ክብራቸው ከዐድዋዎቹ አያንስም፤ ታዲያ የሌላ ጦርነት ስም ምን አስለጠፈባቸው?

በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉት ኢ፣ ኤል፣ ጂ የተባሉ ፊደላት ደግሞ የኩባንያ ስም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ቤት ማኅተም ነው፤ በርሜሉ በባሩድ ተፈትኖ ማለፉን ብቻ ይናገራል። ዘውድ የተጨመረበት በ1893 ነው። ስለዚህ ባለ ዘውዱን አምጥቶ ገጣሚው አርቱር ራምቦ በ1887 ለምኒልክ ካመጣቸው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጆች አንዱ ነው የሚል ነጋዴ ቢመጣ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። በነገራችን ላይ ራምቦ ራሱ በደብዳቤው እንደገለጸው፣ እነዚያ ያረጁ ጠመንጆች አውሮፓ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ ሲያወጡ ሸዋ ላይ ወደ 40 ፍራንክ ይሸጡ ነበር። ዋጋ መቆለል የዛሬ አይደለም።

ሐሰተኛ አንበሳም አለ። የቆየ ምት ከዙሪያው ብረት ጋር አብሮ ይፈዛል፤ ጎድጓዳው ውስጥም የዘመናት ጥቁረት ይቀመጣል። ዙሪያው ተበልቶ አንበሳው ብቻ ስል ከሆነ፣ ወይም ጎድጓዳው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተጠራጠሩ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የአሜሪካ ከተማ ስም ብታዩ ደግሞ የአስመጪው ነው፤ ሐሰት ባይሆንም ሰብሳቢዎች ዋጋ ይቀንሱበታል።

የተሠራበት ዓመት ለሌላም ይጠቅማል። በ1968ቱ የአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው። የየስቴቱ ሕግ ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያሻል።

የገዛችሁትን ደግሞ በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉት። ዝገቱ ሲነሳ ማኅተሙም አብሮ ይነሳል፤ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል።